ፖርቱጋሎች ብርቱካንን ምን ይሉታል?

ጥያቄው የመጣው ከፍራንክፈርት ነው። ጠያቂያችን በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። ባጭሩ እንዲህ ይላሉ፦

«አብሮኝ የሚሠራው ግሪካዊ ብርቱካን እየላጠ "ፖርቶካሊ" ሲል ሰማሁት። ከእኛ ቃል ጋር መመሳሰሉ ገረመኝ። ፖላንዳዊቷ ባልደረባችን "ፖማራንቻ" ትላለች። አለቃችን "አፕፈልዚነ" ይላል። የጁሱ ካርቶን ላይ ደግሞ "ኦራንዠ" የሚል ተጽፏል። ለአንድ ፍሬ ይህ ሁሉ ስም ከየት መጣ? እኛስ ቃሉን ያገኘነው ከግሪኮች ነው ወይስ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከመጡት ፖርቱጋሎች?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ከሁለቱም አይደለም። ግን ጆሮዎ አልተሳሳተም። ብርቱካንና ፖርቶካሊ እውነተኛ ዘመዳሞች ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ያለው የአገር ስም ፖርቱጋል ነው።

ታዲያ ፖርቱጋሎቹ ራሳቸው ምን ይሉታል? ሊዝበን ገበያ ገብተው «ፖርቱጋል አንድ ኪሎ ስጡኝ» ቢሉ ማንም አይገባውም። እነሱ የሚሉት «ላራንዣ» ነው። የአገራቸው ስም በስሙ ውስጥ የለም። ለነገሩ ለምን ይኖራል? ሰው በገዛ ጓሮው ያለውን ፍሬ በአገሩ ስም አይጠራም። በአገር ስም የሚጠራው ከዚያ አገር የተቀበለው ሰው ነው።

እኛም እንዲሁ ነው ያደረግነው። ባሕር ዛፍ የምንለው ዛፍ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ ሲደርስ ግን የትውልድ አገሩን ማን ጠየቀ? ባሕር ተሻግሮ መጣ፣ ባሕር ዛፍ ተባለ። አውስትራሊያዊ በዚህ ስም አያውቀውም። የአሜሪካዋ ትልቅ ዶሮም እንዲሁ ናት። እንግሊዞች «ተርኪ» ይሏታል፣ ቱርክ ማለታቸው ነው። ቱርኮች «ሂንዲ» ይሏታል፣ የሕንድ ማለት ነው። ፖርቱጋሎች ደግሞ «ፔሩ» ይሏታል። ወፏ ከሰሜን አሜሪካ ናት።

የቃላት ታሪክ ላይ ለብዙ ዓመት ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ይህንኑ ነው። ስም የዕቃውን ትውልድ አገር አይነግርዎትም። የሚነግርዎት ያቀበለውን እጅ ነው። እርስዎ ወጥ ቤት ውስጥ የሰሟቸው አራት ስሞችም አንዱ ፍሬ የሄደባቸው የተለያዩ መንገዶች ናቸው። እስቲ በየተራ እንያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በዕድሜ ትልቁ መንገድ የ«ኦራንዠ» ነው። ይህ ቃል ጉዞውን የጀመረው ከሕንድ ነው። በሳንስክሪት «ናራንጋ» ይባላል። ሳንስክሪትም ቢሆን ከደቡብ ሕንድ ቋንቋዎች፣ ታሚል ካለበት ቤተሰብ ሳይዋሰው እንዳልቀረ የዘርፉ ሰዎች ያምናሉ። ከዚያ ወደ ፋርስ ሄዶ «ናራንግ» ሆነ። ዐረቦች ከፋርስ ተቀብለው «ናራንጅ» አሉት። ዐረቦች ሲሲሊንና ስፔንን ሲይዙ ዛፉንም ቃሉንም ይዘው ገቡ። ስፔኖች እስከ ዛሬ «ናራንሃ» ይላሉ። ሃንጋሪዎች «ናራንች»፣ ክሮኤሺያዎች «ናራንቻ» ይላሉ። ሕንድ ውስጥ የተነሳችው «ና» እዚህ ሁሉ ቦታ አልጠፋችም።

የጠፋችው ጣሊያን ውስጥ ነው። በጣሊያንኛ «አንዲት» ለማለት «ኡና» ይባላል። «ኡና ናራንቻ» ሲሉ «ና» እና «ና» ተከታተሉ። ቶሎ ቶሎ ሲነገር ጆሮ ሁለቱን መለየት አቃተውና አንዷ ተዋጠች። «ኡን አራንቻ» ሆነ። ቬኒስ አካባቢ ግን እስከ ዛሬ «ናራንሳ» የሚሉ አሉ። ፖርቱጋሎች ጋ ሌላ ነገር ነው የሆነው። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት «ን» ምላስ ላይ ሲከብድባቸው የመጀመሪያዋን ወደ «ል» ለወጧት። «ላራንዣ» የመጣው እንደዚያ ነው። ስለዚህ ላራንዣና ናራንሃ ሁለት ቃላት አይደሉም። አንድ ናቸው።

ፈረንሳይ ሲደርስ ደግሞ ቃሉ የሚያምር ነገር አጋጠመው። በፈረንሳይኛ ወርቅ «ኦር» ነው። የፍሬው መልክ ወርቅ ይመስላል። ስለዚህ መነሻው «ኦ» ሆነና «ኦራንዥ» ተባለ። በላቲን የጻፉ ሊቃውንትም ይህንኑ አደረጉ። ወርቅን «አውሩም» ይሉታልና ፍሬውን «አውራንቲዩም» አሉት። ወርቅ ከቃሉ ታሪክ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ሰዎች ግን ያላወቁትን ቃል በሚያውቁት ቃል ሲያስጠጉት እንዲህ ይሆናል።

እዚህ ላይ በብዛት የሚነገር አንድ ስሕተት አለ። እንግሊዞች «ኤ ኖሬንጅ» የነበረውን «አን ኦሬንጅ» ብለው ቆርጠውት ነው ይባላል። አይደለም። ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ሲገባ «ና» ቀድማ ጠፍታ ነበር። እንግሊዝኛ ራሱ እንዲህ የቆረጣቸው ቃላት ግን አሉ። እርስዎ በሥራ ላይ የሚያስሩት ሽርጥ አንዱ ነው። ዛሬ «ኤፕረን» ይባላል፣ ጥንት «ናፕረን» ነበር። በሽርጥ የሆነው እውነት ነው፣ በብርቱካን የሆነው ግን ጣሊያን ውስጥ ያለቀ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ፖላንዳዊቷ ልሂድ። «ፖማራንቻ» ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ቀላል ነው። ለሁለት ይክፈሉት። «ፖም» ሲደመር «አራንቻ»። የመጀመሪያው እኛው የምናውቀው ፖም ነው። ሁለተኛው የጣሊያኑ አራንቻ ነው። ቼኮች «ፖሜራንች»፣ ሰርቦች «ፖሞራንጃ» ይላሉ። ዩክሬኖችም ቃሉ አላቸው። በ2004 ኪየቭ አደባባይ የሞላውን የሕዝብ ንቅናቄ የሰየሙት በዚሁ ቃል ነው፣ የብርቱካን ቀለም አብዮት ብለው።

ፖም እዚህ ምን አገባው? አውሮፓውያን ድሮ ለማያውቁት ክብ ፍሬ ሁሉ የሚሰጡት ስም ፖም ነበር። ድንችን ፈረንሳዮች የመሬት ፖም ይሉታል። ሆላንዶችም እንዲሁ። ቲማቲም በጣሊያንኛ «ፖሞዶሮ» ነው፣ የወርቅ ፖም። ይህ ቃል አሥመራና መቀሌ ገብቶ በትግርኛ «ኮሚደረ» ሆኗል። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በየቀኑ «ታፑዝ» ይላሉ፣ ብርቱካን ለማለት። ታፑዝ የሁለት ቃላት ምሕፃር ነው። «ታፑኣኽ ዛሃቭ»፣ የወርቅ ፖም።

ሦስተኛው የአለቃዎ ቃል ነው። «አፕፈልዚነ»። «አፕፈል» ፖም ነው። «ዚነ» ቻይና ነው። የቻይና ፖም ማለት ነው። ሆላንዶች ሁለቱን ገልብጠው «ሲናስአፐል» ይላሉ። ስዊድኖች «አፐልሲን»፣ ፊንላንዶች «አፐልሲኒ»፣ ሩሲያዎች «አፒልሲን» ይላሉ። የባልቲክ አገሮችም እንዲሁ። ካርታ ላይ ቢያስቀምጡት የሁለት ጎረቤት ባሕሮች ዙሪያ ነው። ሰሜን ባሕርና ባልቲክ። የሆላንድና የሰሜን ጀርመን መርከቦች የሚመላለሱበት ውሃ ነው። ፍሬው በመርከብ ደረሰ፣ ስሙም አብሮ ከመርከቡ ወረደ።

ተማሪ ሆኜ ጀርመን ስኖር የቤት ተጋሪዎቼ አንዱ ከሃምቡርግ፣ አንዱ ከሙኒክ ነበሩ። ሃምቡርጉ አፕፈልዚነ ይላል። ሙኒኩ ኦራንዠ ይላል። በዚህ ይከራከሩ ነበር። ሁለቱም ትክክል ነበሩ። ለሰሜኑ ፍሬው የመጣው በመርከብ ከወደብ ነው። ለደቡቡ ቃሉ የደረሰው ከፈረንሳይና ከጣሊያን በኩል ነው። አንድ አገር ውስጥ ሁለቱ መንገዶች ተገናኙ። ዛሬ የጁስ ካርቶን ላይ ያሸነፈው ኦራንዠ ነው።

ግን ለምን ሌላ ስም አስፈለጋቸው? ናራንጅ የሚለው ቃል አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመት ነበረ አይደል? ዋናው ነጥብ እዚህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ዐረቦች ያመጡት ብርቱካን ጣፋጩ አይደለም። መራራው ነው። ላጥ አድርገው አይበሉትም። ለመድኃኒት፣ ለሽቶ፣ ዓሣ ላይ ለመጭመቅ ነበር የሚፈለገው። የሴቪያ ከተማ መንገዶች ዛሬም በዚህ ዛፍ የተሞሉ ናቸው። እንግሊዞች ማርማላታቸውን የሚሠሩት ከእሱ ነው። ናራንሃ፣ አራንቻ፣ ኦራንዥ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ያ መራራ ፍሬ ነበር።

ጣፋጩ በስፋት የመጣው ኋላ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 አፍሪካን ዞሮ ሕንድ ደረሰ። መንገድ ላይ ሞምባሳ ሲያርፍ የከተማው ንጉሥ በግ፣ ብርቱካን፣ ሎሚና ሸንኮራ አገዳ ልኮለታል። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል መርከቦች እስከ ቻይና ዘለቁ። ጣፋጩን ዝርያ ይዘው ተመለሱ፣ አገራቸውም አለሙት፣ ለአውሮፓ ሸጡት። ገዢው አሁን ሁለት ፍሬ አለው፣ መራራና ጣፋጭ። በአንድ ስም ቢጠራቸው ይቸገራል። ሰሜኖቹ የሩቁን አገር አስበው የቻይና ፖም አሉት። ሳይንሱም ከእነሱ ጋር ነው፣ የፍሬው የላቲን ስም «ሲነንሲስ» ይላል፣ የቻይና። የሜዲትራኒያን ሰዎች ግን ቻይናን አላዩም። ያዩት የፖርቱጋልን ነጋዴ ነው። የጣሊያን ነጋዴዎች ጣፋጩን «ፖርቶጋሎ» አሉት። ናፖሊ ውስጥ በአካባቢው ቋንቋ እስከ ዛሬ «ፑርቱዋሎ» ነው።

አራተኛው መንገድ ይህ ነው፣ የግሪካዊው ባልደረባዎና የእርስዎ። ከጣሊያን ወደ ምሥራቅ ሄደ። ግሪክ «ፖርቶካሊ»። ቡልጋሪያና አልባኒያ «ፖርቶካል»። ሮማኒያ «ፖርቶካላ»። ቱርክ «ፖርታካል»። ጆርጂያ «ፖርቶኻሊ»። ፋርስ «ፖርተቃል»። ዐረብኛ ውስጥ «ፕ» የሚባል ድምፅ የለም። ስለዚህ «ፕ» ወደ «ብ» ተለወጠና «ቡርቱቃል» ተባለ።

ለእኛ ማስረጃችን ያቺው «ብ» ናት። ቃሉን ከጣሊያን ወይም ከግሪክ በቀጥታ ብንወስደው ኖሮ «ፕ»ን እንይዛት ነበር። ፖስታ፣ ፓስታ፣ ፖሊስ ስንል ማን ከለከለን? «ብ» የዐረብኛ ማኅተም ናት። መጨረሻ ላይ ያለችው «ን»ም ቢሆን እኛ ብቻ ያመጣናት አትመስልም። ካይሮ ውስጥ ተራው ሰው «ቡርቱቃል» አይልም። «ቦርቶኣን» ነው የሚለው፣ በ«ን»። ከቀይ ባሕር ማዶና ከዓባይ በታች ካሉ ዐረብኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ጋር ስንነግድ ነው ያገኘነው።

እንግዲህ የአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ፖርቱጋሎች ጉዳይ። በ1541 ምጽዋ የወረዱት 400 ያህል ወታደሮች ከግራኝ አሕመድ ጋር ተዋግተዋል። ታሪካቸው ትልቅ ነው። ሰው «ብርቱካን ፖርቱጋል ማለት ነው» ሲባል ወዲያው እነሱን ማሰቡ አያስገርምም። ግን አንድ የፖርቱጋል ወታደር በእጁ ብርቱካን ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? ላራንዣ ይል ነበር። ቃሉን እነሱ ሰጥተውን ቢሆን ዛሬ ገበያ ላይ «ላራንጃ በስንት ነው?» እንል ነበር። የፖርቱጋል ስም ወደ እኛ የመጣው ፖርቱጋሎች በሌሉበት መንገድ ነው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ብርቱካን የሚባሉ ስንት እህቶች አሉን። ስማቸው በጣሊያን ነጋዴ፣ በኢስታንቡልና በካይሮ ገበያ ዞሮ የመጣ የአንድ ሩቅ አገር ስም ነው።

ስለ ቀለሙም ትንሽ ልበል። እኛ ብርቱካንማ እንላለን፣ ከፍሬው ወስደን። አውሮፓም እንደዚሁ ነው። እንግሊዞች ቀለሙን በዚህ ስም መጥራት የጀመሩት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት «ቢጫ ቀይ» ይሉት ነበር። ደረቷ ብርቱካንማ የሆነችውን ትንሽ ወፋቸውን «ቀይ ደረት» የሚሏት ለዚህ ነው። ስሙ ሲወጣላት የቀለሙ ቃል ገና አልነበረም።

ሆላንዶች ጋ ግን ይጠንቀቁ። ለኳስ የሚለብሱት፣ ለንጉሣቸው ልደት በሚያዝያ መጨረሻ ከተማውን የሚያለብሱት «ኦራንየ» ከፍሬው አልመጣም። ደቡብ ፈረንሳይ ኦራንዥ የምትባል ከተማ አለች። በሮማውያን ዘመን ስሟ «አራውሲዮ» ነበር፣ የኬልቶች ስም ነው። አራውሲዮ በሰው አፍ እየተሸረሸረ ሄደና በአጋጣሚ ከፍሬው ስም ጋር አንድ ሆነ። ዊልያም የሚባለው መስፍን በ1544 ይህችን ከተማ ከዘመዱ ወረሰ። በኋላ ሆላንዶች በስፔን ላይ ሲነሱ የመራቸው እሱ ነው። ቤተሰቡ የኦራንዥ ቤት ተባለ፣ ቀለሙም አርማው ሆነ። ከዚያው ቤት የመጣ ሌላ ዊልያም በ1689 የእንግሊዝ ንጉሥ ሆነ። አየርላንድ ያሉ ፕሮቴስታንቶች የእሱን ቀለም ያዙ። የአየርላንድ ባንዲራ ላይ ያለው ብርቱካንማ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ በአየርላንድ ባንዲራ ላይ የሚታየው የአንድ የፈረንሳይ ከተማ ትዝታ ነው፣ ብርቱካን አይደለም።

አንድ ነገር ሳልነግርዎት ባልፍ ይቆጨኛል። ባርሴሎናና ቫሌንሲያ ውስጥ ካታላንኛ የሚናገሩ ሰዎች ብርቱካንን ናራንሃ አይሉም። «ታሮንዣ» ይላሉ። ቫሌንሲያ ደግሞ የስፔን የብርቱካን አገር ናት። ታሮንዣ የመጣው «ቱሩንጃ» ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው። ትርጉሙ ብርቱካን አይደለም። ልጣጩ ወፍራም፣ ጭማቂው ትንሽ የሆነው ትልቁ ፍሬ ነው። ገባዎት? ትርንጎ! የእኛ ትርንጎ። ፋርሶች «ቶራንጅ» ይሉታል። በእስራኤል በዳስ በዓል የሚያዘው «ኤትሮግ»ም የዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ቃሉም ፍሬውም። ስለዚህ አንዲት የቫሌንሲያ ሴት ብርቱካን ስትሸጥ የምትጠራው ስም የጎጃም ሴት ትርንጎ ስትል የምትጠራው ነው። እኔ ይህን ሳውቅ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ነገ ሥራ ሲገቡ ግሪካዊውን አንድ ነገር ይጠይቁት። አቴንስ ውስጥ በመንገዱ ዳር ሁሉ የተተከለውን፣ ሰው የማይበላውን መራራ ብርቱካን ምን እንደሚሉት ይጠይቁት። «ኔራንትዚ» ይልዎታል። ናራንጅ ማለት ነው። ግሪኮች ሁለቱንም ስም አልጣሉም። መራራው የቀድሞውን የሕንድ ስም ይዞ ቀረ፣ ጣፋጩ የፖርቱጋልን ያዘ። እናቱ ወይም አያቱ ኔራንትዚውን ከልጣጩ ጋር በስኳር ቀቅለው ለእንግዳ በትንሽ ማንኪያ ያቀርቡ እንደነበርም ይጠይቁት። ከኖሩበት ወሬው ረጅም ነው የሚሆነው።